ጥላ ጠባቂው ወንድሜ

ወንድሜ ዘንድ ለመሄድ መገንጠያው ላይ ከአውቶቡስ ወርዶ በእግር መጓዝ ነው። ከአስፋልቱ ዝቅ እንዳሉ የመስኖው ቦይ ይቀበላል፤ ከዚያ ወዲያ መንገድ የሚጠይቅ ሰው የለም፣ ውሃውን ተከትሎ ሽቅብ መውጣት ብቻ ነው። በግራ ሽንኩርትና ጎመን፣ በቀኝ ስንዴ፣ በመሃል እንቁራሪት። እኔ ጫማዬን አውልቄ በእጄ ይዤ ነበር የምሄደው፤ ሰው ሲመጣ ስሰማ መልሼ አጠልቃለሁ፤ ከተሜ ነኝና እንዳይስቁብኝ።

ኮረብታው ወገብ ላይ ሲደርሱ ፍርስራሹ ብቅ ይላል። መጀመሪያ የሚታየው አንድ ረጅም የድንጋይ ዓምድ ነው። ጓደኞቹ ሁሉ ወድቀው ሣር ለብሰዋል፣ እሱ ብቻ ቆሞ ቀርቷል። ከሥሩ ደግሞ ሌላ አጠር ያለ ዓምድ የሚመስል ነገር ይታያል። ያ ወንድሜ ነው።

ነፍሱን ይማረውና፣ የበጋውን ወራት ሁሉ እዚያ ተቀምጦ ነበር የሚውለው። ጎብኚዎች ፎቶ ሊያነሱ ሲመጡ፣ «አባባ፣ እባክዎ ትንሽ ዞር ይበሉልን» ይሉታል።

«ጥላው ዞር ሲል አብሬ ዞር እላለሁ፣ ታገሡ» ይላቸዋል።

ቀልድ ይመስላቸውና ይስቃሉ። ቀልድ አልነበረም። ወንድሜ የውሃ ዳኛ ነበር፤ ሰዓቱም የዓምዱ ጥላ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከኮረብታው ራስ አንዲት ምንጭ ትወርዳለች። ቦዩን የቆፈሩት ዓምዱን ያቆሙት ሰዎች ናቸው ይባላል፤ እነማን እንደነበሩ የሚያውቅ የለም፣ እኛ «የድሮዎቹ» ነው የምንላቸው። ዝናብ በሌለበት ወቅት ያቺ ውሃ ለሁሉም እርሻ በአንድ ጊዜ አትበቃም፤ በተራ ነው። ፀሐይ ስትወጣ የላይኛው እርሻ ቦዩን ይከፍታል። ዓምዱ የቆመበት ወለል በሰፋፊ ድንጋይ የተነጠፈ ነው፤ አያቶቻችን በመሮ የጫሯቸው ምልክቶች አሉበት። ጥላው የመጀመሪያው ምልክት ላይ ሲደርስ ዳኛው «ደረሰ» ብሎ ይጣራል፤ የላይኛው ዘግቶ ቀጣዩ ይከፍታል። እንዲህ እንዲህ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። የመጨረሻው እርሻ የሚጠጣው ፀሐይ እስክትገባ ነው። ፀሐይ ከገባች ውሃው ማዶ ላለው መንደር ይለቀቃል፤ እዚያ ላይ ቀልድ የለም፣ በዱላ ነው የሚመጡት።

ታዲያ የእጅ ሰዓት አጥታችሁ ነው ወይ ትሉኝ ይሆናል። ሞክረነው ነበር። አንድ ዘመን ሁሉም ሰዓት ገዛ። የሁሉም ሰዓት ለባለቤቱ ያደላ ጀመር። ውሃ ሲቀበል ወደ ፊት የሚሮጥ፣ ውሃ ሲያስረክብ ወደ ኋላ የሚቀር ሰዓት እኔ እዚያ ነው ያየሁት። በመጨረሻ ሁለት አማቾች ተፈነካከቱና ሽማግሌዎች ሰዓቱን ሁሉ አስፈትተው፣ «ጥላው ይዳኘን፣ እሱ ዘመድ የለውም» አሉ።

አባታችን ዳኝነቱን ሲያወርስ ከወንዶች ልጆቹ ሁሉ መርጦ ለእሱ የሰጠው መቀመጥ ስለሚችል ነው። ልጅ ሆኖ እንኳ ድንጋይ ላይ ካስቀመጡት ድንጋይ ነበር። እኔ ምሳ አድራሻቸው ነበርኩ። አባቴ የወለሉን አንዱን ጫፍ፣ እሱ ሌላውን ጫፍ ይዘው ተፋጠው ይቀመጣሉ፤ ዳቦውን በመሃላቸው አኑሬ ወሬ ስጀምር አባቴ በጣቱ ጥላውን ያሳየኛል። ዝም በይ፣ እየሠራን ነው ማለቱ ነው። ምን ሥራ አለ እላለሁ በልቤ፤ ጥላው እንደሆነ በራሱ ይሄዳል። ዓይን ካልነቀሉለት እንደማይቸኩል፣ ዓይን ከነቀሉለት ግን ምልክቱን ዘሎ እንደሚገኝ ያወቅኩት በኋላ ነው።

ወንድሜ አደገ፣ ስሙም ተረሳ። መንደሩ «ጋሽ ጥላው» ብሎ አስቀረው። በደመና ቀን ሲያገኙት፣ «ዛሬ እንዴት ወጣህ፣ ጥላ በሌለበት ምን ይሁን ብለህ?» ይሉታል። ደመና ሲሆን በግምት ነው፤ ያን ቀን ሁሉም ይቅር ተባብሎ ይገባል።

ሚስቱን፣ እትዬን፣ ያገኘውም በዚሁ ሥራ ነው። የሦስተኛው እርሻ ልጅ ነበረች። «ደረሰ» ብሎ ሲጣራ ሁሉም ይዘጋል፣ እሷ አትዘጋም። ወርዶ ይቆጣታል። በማግስቱም አትዘጋም፤ ወርዶ ይቆጣታል። አንድ ወር ሙሉ ወርዶ ከተቆጣት በኋላ አባቴ ነገሩ ገባውና ሽማግሌ ላከ። እስከ ዛሬ «ውሃ ሰርቃ ባል አገኘች» ይሏታል። እሷም አትክድም፤ «በጎመን ሰበብ የገባሁ ነኝ» ትላለች።

ቤታቸው ከፍርስራሹ በታች ነው። የዚያ አገር ሰው የድሮዎቹን ድንጋይ አይሰብርም፣ የወደቀውን ግን ይጠቀምበታል። የላም ጋጣው ደፍ የወይን ሐረግ የተቀረጸበት ነው። አንዱ የዓምድ ራስ ተገልብጦ ደጅ ተቀምጧል፤ መሃሉ ጎድጎድ ስላለ ዶሮዋ ቤቷ አድርጋዋለች። «የእኛ ዶሮ እንደ ንግሥት ነው የምትጥል» ይል ነበር ወንድሜ። እንቁላሉ ግን እንደ ሌላው እንቁላል ነው።

አሁን ወደ መርፌ ልምጣ። መርፌ የመጨረሻው እርሻ ባለቤት ናት፤ ታች ደንገሉ አጠገብ። ቀጭን ናት፣ ግን ስሙ የወጣላት በቅጥነቷ ብቻ አይደለም፤ አፏ ይወጋል። በሄድኩ ቁጥር በጋውን በሙሉ ያንኑ ክርክር እሰማለሁ። ማታ ማታ ልብሷን ሰብስባ ወለሉ ድረስ ትወጣለች።

«ጋሽ ጥላው፣ ዛሬም የመጨረሻ ሁለት ትልሜ ሳይጠጣ ቀረ።»

«እቴ፣ ጥላ አያዳላም።»

«ጥላ አያዳላም፤ ጥላ የሚያየው ግን ዓይን አለው።»

«ዓይኔን ታምሜ አላውቅም።»

«እኔ ታምመሃል አላልኩም። ወደ ላይ ብቻ ነው የሚያየው ነው ያልኩት።»

የላይኛው እርሻ የወንድሜ ነው፤ ወደዚያ ነው የምትወጋው። ሰው ይስቃል። ወንድሜ አይስቅም፣ አይቆጣምም። አባቱን ያመነ ልጅ፣ ምልክቱን ያመነ ዳኛ ነው፤ ምን ያስቆጣዋል?

ባሏ ዝምተኛ ሰው ነበር፤ «ሰላምታ እንኳ በራሱ ነቅንቆ ነው የሚሰጠው» ይባላል። ያ ሰው በየበጋው የእነዚያን ሁለት ትልሞች ጫፍ ሲቆፍር፣ አፈር በቅርጫት ሲያመላልስ ነው የኖረው። መሬቱ ወደ ላይ ያዘነበለ መስሎት፣ ውሃው እንዲደርስ ዝቅ ያደርገዋል። ዝቅ ቢያደርገው ውሃው ከመድረሱ በፊት ፀሐይ ትገባለች። ሰው ምን ይላል? ትልም ማስተካከል የማይችል ገበሬ ይላል። ወንድሜም በደግነት ወርዶ፣ «ወንድም ዓለም፣ ትንሽ ጨምረህ ቆፍረው» እያለ ይመክረው ነበር። ሰውየው ራሱን ነቅንቆ ይቆፍራል። እንዲሁ እንደቆፈረ ሞተ። መርፌ ብቻዋን ቀረች፤ ክርክሩ ግን አልሞተም።

ባሏ በሞተ በሁለተኛው በጋ ነው፣ ከቅርስ መሥሪያ ቤት አንድ ሰውዬ ሠራተኞች ይዞ የመጣው። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ጉልበቴን ላሳርፍ ብዬ ሰንበት ብያለሁ። ሰውየው ለስላሳ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ነው። ድንጋዩን በትንሽ መዶሻ ኳ ኳ ያደርግና ጆሮውን ለጥፎ ያዳምጣል። ያን ባየ ጊዜ መንደሩ ወዲያው «የድንጋይ ሐኪም» አለው። እትዬ ሻይ ስትሰጠው፣ «እኔንም ጉልበቴን አዳምጠኝ፣ ኳ ኳ ይላል» አለችው። ሳቀ፤ ከዚያ ወዲያ ምሳውን ከእኛ ጋር ነበር የሚበላው።

ዓምዱ ዘሟል፣ ከክረምቱ በፊት ካልቀናና ሥሩ ካልተደገፈ ይወድቃል አለ። ሰው ሁሉ ተሰበሰበ። አንዱ ጎረቤት፣ በጎቹን ስለሚወድ «በጎ» የሚሉት የሁለተኛው እርሻ ባለቤት፣ «ዓምዱ ከተነካ ውሃችንስ?» አለ። ሁሉም ወደ ወንድሜ ዞሩ።

«ከሚወድቅ ቢቀና ይሻላል» አለ ወንድሜ። «ከወደቀ ጥላም የለ፣ ዳኛም የለ።»

በዚሁ አለቀ። እኛ ያሰብነው ዓምዱ ከድሮም የዘመመ ነው፣ ሲቀና ምልክቱ ሁሉ ይበላሻል፣ አዲስ መጫር ይኖርብናል ብለን ነው። ወንድሜም መሮውን ስሎ ተዘጋጅቶ ነበር።

በማግስቱ ሐኪሙ ከዓምዱ ሥር ቁጢጥ ብሎ ጠራው። እኔ ምሳ ይዤ ወጥቼ አጠገባቸው ነበርኩ።

«አባባ፣ ይህ ዓምድ መዝመም የጀመረው መቼ ነው?»

«ድሮም እንዲህ ነው። አባቴም እንዲህ ሆኖ ነው የተረከበው።»

«አይመስለኝም። ይዩ፣ ከዚህ በላይ ድንጋዩ አርጅቶ ጠቁሯል። ከዚህ በታች ግን ነጭ ነው፤ ፀሐይ ካየ ብዙ አልቆየም።» እጁን ከሥሩ ባለው ጉድጓድ ሰደደና ጥቁርና ነጭ እሾህ አወጣ። «ጃርት ነው። ከሥሩ ቤት ሠርቶበታል። በእርስዎ ዕድሜ የሆነ ነገር ነው እንጂ በድሮዎቹ ዕድሜ አይደለም።»

ወንድሜ እሾሁን ተቀብሎ አገላበጠው። ሐኪሙ ተነሥቶ መሰላሉ ላይ ወጣና ግንበኞች የሚጠቀሙበትን ቱንቢ፣ ያን ጫፉ ላይ ብረት ያለበትን ክር፣ ከዓምዱ ራስ ወደ ታች ለቀቀው። ብረቱ ወለሉን ሊነካ ሲል ተወዛውዞ ቆመ።

«አንድ ክንድ ያህል ሄዷል» አለ።

«ወዴት?»

«ወደ ፀሐይ መግቢያ።»

ወንድሜ ክሩን አየ። ከዚያ ምልክቶቹን አየ። ከዚያ ቁልቁል፣ እስከ ደንገሉ ድረስ አየ። ፊቱ ላይ ምንም የተለወጠ ነገር አልነበረም፤ ዳቦውን ግን ሳይቆርስ መልሶ ጨርቁ ላይ አስቀመጠው። ሐኪሙ ምንም አልገባውም፤ ለእሱ ቁመት ነው፣ ክብደት ነው። ተመልሶ ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ አለ።

በማግስቱ ደመና ነበረና ወንድሜ ከረፋዱ ጀምሮ ቤት ዋለ። ግቢው ውስጥ አንድ ዱላ መሬት ላይ ተክሎ እትዬንና እኔን ጠራን። ደመናው ገለጥ ሲል የዱላው ጥላ መሬቱ ላይ ወጣ። ከጥላው ጫፍ ፊት ለፊት ጠጠር አኖረ።

«ይህ ምልክቱ ነው። ትንሽ ቆይቶ ይደርሳል። አሁን እዩ።» ዱላውን ወደ ፀሐይ መግቢያ ገፋ አደረገው። ጥላው ከጠጠሩ ራቀ። «አሁን ዘግይቶ ነው የሚደርስ።»

«እና?» አለች እትዬ።

«እናማ የእኛ ተራ ፀሐይ ስትወጣ ይጀምራል፣ ጥላው ሲደርስ ያልቃል። ጥላው ከዘገየ የእኛ ይረዝማል። የመርፌ ተራ ጥላው ሲደርስ ይጀምራል፣ ፀሐይ ስትገባ ያልቃል። ጥላው ከዘገየ የሷ ያጥራል። የመሃሎቹ አይነኩም፤ ዘግይተው ይጀምራሉ፣ ዘግይተው ይጨርሳሉ። የሚረዝመው የእኛ ብቻ፣ የሚያጥረው የሷ ብቻ ነው።»

እኔ ነገሩን ለመረዳት ጥቂት ቆየሁ። እትዬ አልቆየችም። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተቀመጠች።

«ሁለት ትልም» አለች።

«ሁለት ትልም» አለ።

ዶሮዋ ከዓምዱ ራስ ላይ ወርዳ ዱላውን ልትጭር መጣች፤ ማንም አላባረራትም።

«ስማኝ» አለች እትዬ በመጨረሻ፤ ድምፅዋ ክፉ አልነበረም። «ያየ ሰው አለ? የለም። ሐኪሙ አልገባውም። ዓምዱ ሲቀና ጥላውም ይቀናል፣ ውሃዋ በራሱ ጊዜ ይመለስላታል። ምን ቀረ?»

«እኔ ማወቄ ቀረ።»

«ማወቅ ሆድ ውስጥ ይቀመጣል። ከተናገርክ ማን ነው ሳላውቅ ነው ብትል የሚያምንህ? የዳኛው እርሻ አንደኛ፣ የዳኛው ጎመን ለምለም። ‹ውሃ ሰርቃ› የሚሉኝ እስከ ዛሬ በሳቅ ነው። ከዛሬ በኋላ በሳቅ አይሉኝም።»

ልክ ነበረች። ሰው ሲናገር የአባቱንም ስም ይጨምራል፣ እኔም አልቀርም፣ የእኔንም። ወንድሜ ከስሙ በቀር ምን ነበረው? ላም አለው፣ ጎመን አለው፤ ያ ሌላውም ሰው አለው። «ጋሽ ጥላው ካለ አለ ነው» የሚባለውን ነገር ግን በመንደሩ ሌላ ማንም አልነበረውም።

ሠራተኞቹ እንጨት ሲያቆሙ፣ ካቴናና መዘውር ሲያወጡ ቀናት ሄዱ። ወንድሜ ተጣርቶ ይገባል፣ አይናገርም። አንድ አመሻሽ «ነይ እንራመድ» አለኝና ቁልቁል ወረድን። እስከ መርፌ ሽንኩርት ድረስ። የመጨረሻ ሁለቱ ትልሞች ጫፍ ላይ አፈሩ ከሌላው ዝቅ ብሎ እንደ ገበታ ሆኗል። ባሏ ሲቆፍረው የኖረው ነው። ሽንኩርቱ እዚያ ላይ ቢጫ ነው። ወንድሜ ቁጭ ብሎ አፈሩን ጨበጠና በጣቶቹ መሃል ለቀቀው፤ ዱቄት ነው።

መርፌ ከደንገሉ በኩል መጣች። «ዳኛው፣ ምን ጠፋብህ እዚህ?»

«እያየሁ ነው።»

«ዘንድሮ ማየት ጀመርክ?»

አፉን ከፈተ። ይናገራል ብዬ እጄን ጨበጥኩ። «ደህና እደሪ» አላት። ወደ ቤት ስንወጣ እኔ ፊት ፊት ሄድኩ፤ ፊቱን ማየት አልወደድኩም።

ዓምዱ የሚቀናበት ቀን ሥራ የያዘ ሰው አልነበረም። ሁሉም ወጥቶ በወደቁት ድንጋዮች ላይ እንደ ወፍ ሰፈረ። ሐኪሙ እጁን እያነሣ እየጣለ ሠራተኞቹን ያዛል፤ ካቴናው ሲያቃስት ርግቦቹ ተነሥተው ሄዱ። እኛ ዓምዱን እንጠብቃለን፤ ዓምዱ የሚንቀሳቀስ አይመስልም ነበር። ወንድሜ ግን ዓምዱን አላየም፤ ወለሉን ነው የሚያየው። እኔም ዓይኑን ተከተልኩ። ጥላው ሄደ። ፀሐይ ሳትሄድ ጥላ ሲሄድ በዕድሜዬ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ቀስ ብሎ ድንጋዩ ላይ ተሳበ፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ቆመ። የዚያን ሰዓት ተራው የሦስተኛው እርሻ ነበር፤ ተራው ወደሚያልቅበት ምልክት ገና ብዙ ይቀረው የነበረው ጥላ አሁን ሊነካው ምንም አልቀረውም።

ሐኪሙ ግንባሩን ጠረገ። «ወደ ነበረበት ተመለሰ» አለ። ሰው አጨበጨበ።

ወንድሜ ተነሣ። ዳኛ ሲነሣ፣ ሊጣራ ነው ብሎ ሰው ሁሉ ጆሮውን ሰጠ።

«የምነግራችሁ አለኝ» አለ። በጣም አልጮኸም። «መርፌ ልክ ነበረች።»

ከዚያ በኋላ ለእኛ እንደነገረን ነገራቸው፤ በዱላ ፈንታ ጥላው ራሱ አለ፣ በእግሩ እያሳየ። «ከዚህ እዚህ ድረስ የሷ ውሃ ነበር። እኔ ጠጥቼዋለሁ። ጃርቱ መቼ እንደጀመረ አላውቅም፤ ብዙ ዓመት ነው። አላወቅኩም ነበር። ብታምኑኝም ባታምኑኝም አላወቅኩም ነበር።»

እትዬ መሬት መሬት ታያለች። መጀመሪያ የተናገረው በጎ ነው። «እኔማ ጎመንህን እያየሁ፣ ይህ ሰው ምን ዓይነት ፍግ ነው የሚጠቀም እያልኩ ስቀና ነበር።» ጥቂት ሰው ሳቀ። ከኋላ ደግሞ አንድ ድምፅ፣ «ዳኛ ሲሰርቅ በፀሐይ ነው» አለ፤ ያን ጊዜ የሳቀ የለም። አንዱ ሽማግሌ ነገሩን ሊያበርድ፣ «ጥፋቱ የጃርቱ ነው፣ ጃርቱን እንክሰሰው» አለ።

ሁሉም መርፌን ይጠብቃል። ይህን ሁሉ ዓመት የተከራከረች ሴት ዛሬ ረታች፤ ምን ትለው ይሆን ብለን። መርፌ ግን እንደ ረታ ሰው አልሆነችም። ተቀምጣ ከነበረችበት ሳትነሣ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣

«ባሌ» አለች። «ባሌ እጁ እንቢ ያለው መስሎት ነው የሞተው። ሊሞት ሲል እንኳ ‹ያቺን ጫፍ ሳላስተካክላት› ነው ያለኝ። አንተ መጥተህ ጨምረህ ቆፍር ትለዋለህ፣ እሱ ይቆፍራል። የሽንኩርቱን ተወው። እሱን በምን ትመልስልኛለህ?»

«አልመልስልሽም» አለ ወንድሜ። «የምመልስበት የለኝም።»

አልለመነም፣ ይቅር በይኝም አላለም። እንዲያ ቢል ኖሮ ሰው ሁሉ «በቃ እቴ፣ ይቅር በይው» ብሎ ይጫናት ነበር። እሱ ይህን ያውቃል። ቆሞ ጠበቃት። እሷም አየችው፣ ረጅም ጊዜ።

«ከእንግዲህ አንተ ስትጣራ አልሰማም» አለች።

«እውነትሽን ነው። ለዚሁ ነው የተነሣሁት።» ወደ ሰዉ ዞረ። «መጀመሪያ የጠጣ ሰው ውሃ መጉደሉን አያውቅም። እኔ ብሆንም፣ አባቴም ቢሆን። ዳኝነቱን የመጨረሻው እርሻ ይያዘው። ቢጎድል መጀመሪያ የሚያውቀው እሱ ነው፤ ዘግይቶ ቢጣራ የሚጎዳው እሱ ራሱ ነው።»

«እኔ?» አለች መርፌ። «እኔ ቁጭ ማለት የምችል ሰው እመስላለሁ?»

«አፏ ብቻ ነው የማይቀመጠው» አለ በጎ።

«አንተ ዝም በል፣ በግህ ሽንኩርቴ ውስጥ ገብቶ ያየሁ ቀን አብስዬ ነው የምልክልህ።»

ሰው ፈታ አለ። ሽማግሌዎች ተያዩ፤ ከወንድሜ አፍ የወጣ ዳኝነት ይህ የመጨረሻው ነበር፣ የተቃወመውም ሰው አልነበረም። ያን ሳምንት ወንድሜ ወለሉ ላይ አጠገቧ እየተቀመጠ ዓይን እንዴት እንደማይነቀል፣ ጥላው ሲደበዝዝ ከየትኛው ጠርዝ እንደሚያዝ አሳያት። ብዙ አላወሩም። አንዴ ብቻ «ቁጭ ብለህ እንዲህ ነው የኖርከው?» ስትለው ሰማሁ። «እንዲሁ ነው።» «እኔ ደግሞ ተኝቶ ይውላል እያልኩ አማህ ነበር።»

ወደ ከተማ ልመለስ አንድ ቀን ሲቀረኝ እሱ ያለ ሥራ የሆነበት የመጀመሪያው ቀን ነበር። ፀሐይ ስትወጣ ከእኔ ጋር ወደ ጎመኑ ሄድን፤ የቦዩን አፍ ከፈተ፣ ውሃው ገባ። ከዚያ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። አንዴ ኪሱ ይከተዋል፣ አንዴ ያወጣዋል። ወደ ዓምዱ ያያል፣ ቀጥሎ እንዳላየ ይሆናል። የመጨረሻዎቹ ጎመኖች ገና አልራሱም ነበር። ከላይ የመርፌ ድምፅ መጣ፤ ቀጭን ነው፣ ሸለቆውን ግን አቋረጠው፤ «ደረሰ።»

ድምፅዋ ሳያልቅ ወንድሜ አፈርና ሣሩን ጎትቶ ዘጋ። ያልራሱትን ጎመኖች አየሁለት። እሱ አላያቸውም።

«ምሳ እስኪደርስ ቁጭ እንበል» አለኝ። ከማሳው ዳር በበለሱ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ፤ ስለ ታናሿ ልነግረው ጀመርኩ፣ አንድ አረፍተ ነገር ሳልጨርስ አንገቱ ዘንበል አለ። ከልጅነቱ ጀምሮ በበጋ ቀን ዓይኑን ከድኖ ያየው ሰው አልነበረም። አፉን ትንሽ ከፍቶ፣ እንደ ሕፃን።

በጎ አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ በቦዩ ዳር መጣ። ቆመና አየው።

«ታሞ ነው?»

«ተኝቶ ነው።»

«በቀን?»

«በቀን።»

በጎ አንዴ ዓምዱን፣ አንዴ ወንድሜን ተመለከተ። አካፋው ከድንጋይ ጋር እንዳይጋጭ ከትከሻው አውርዶ በእጁ ያዘው፤ የሚከተሉትን በጎች በእጁ ምልክት ወደ ሌላኛው ዳር መልሶ፣ እግሩን በቀስታ እያሳረፈ አለፈ። እኔም ቅጠል ቆርጬ ዝንቡን እያባረርኩለት፣ ምሳው እስኪመጣ አጠገቡ ተቀመጥኩ።